ለእትዬ ያላነበብኩላት መስመር

ሜይ 2014 ላይ አንድ ወረቀት አይቼ እንዳላየሁ አልፌያለሁ። ወረቀቱ የእኔ አልነበረም፤ የታላቅ እህቴ ነበር። እትዬ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲበዛባት ገና ሳታነበው ትደክማለችና፣ የቤት መግዣ ሰነዶቿን በሙሉ በኢሜል ልካልኝ፣ «አንተ እየው፤ ደህና ነው ካልከኝ እፈርማለሁ» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ፈረመች። ከ3 ዓመት ከ3 ወር በኋላ፣ እኔ ደህና ነው ባልኩት ቤት ውስጥ ውኃ እስከ ጉልበቷ ቆመ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ጾምና ስግደት ይሰጡኛል ብዬ አቀርቅሬ ስጠብቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ለእሷስ ነግረሃታል?» አልነገርኳትም ነበር። 10 ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም። አሁን የምጽፈው እሱን ነው። የምጽፈውም ለራሴ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ ከከተማ ከተማ ስልክ እየደወለ «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ወደዚህ ነዪ» የሚል ወንድም እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ጭምር ነው።

እትዬ በ1996 በዲቪ ቺካጎ ገባች። እኔን በ2004 ተቀበለችኝ፤ 5 ዓመት በእሷ ቤት፣ ሳሎኗ ሶፋ ላይ ኖርኩ። የምትኖረው በሰሜን ቺካጎ፣ ኤጅዋተር በሚባለው ሰፈር፣ ከግራንቪል ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ካለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ክረምት ሲሆን ግድግዳው ሥር ያሉት የብረት ማሞቂያዎች ሌሊቱን ሙሉ እንደ ማንቆርቆሪያ ይንሾካሾኩ ነበር። የማሞቂያውን የሚከፍለው አከራዩ ነው። መኪና የነበራቸው ባሏ ጋሼ ብቻ ነበሩ፤ እሱም በኪራይ የሚሠሩበት ታክሲ ነው። እትዬ መንዳት አታውቅም ነበር። ማወቅም አላስፈለጋትም። መሀል ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሌሊት ትሠራ ነበር፤ ቀዩ መስመር የሚባለው ባቡር 24 ሰዓት ስለሚሄድ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሥራዋን ጨርሳ በራሷ ጊዜ ወጥታ በራሷ ጊዜ ቤቷ ትገባለች። ማንንም ውሰደኝ፣ ማንንም መልሰኝ አትልም።

የሰፈሩ መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲከተሉት ሚሺገን ሐይቅ ላይ ያልቃል። እኛ የባሕር ዳር ልጆች ነን። ጣና ከሚሺገን አጠገብ ቢቀመጥ ኩሬ ነው፤ ሚሺገን ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ቢሆንም እትዬ ከሥራ መልስ ሳትተኛ ዳር ዳሩን ትሄድና «ዛሬ ማዕበሉ እንደ ጣና ነው» ትለኝ ነበር። ሰንበት ሰንበት አራት የሰፈሩ ሴቶች በተራ ቡና ያፈላሉ። በወር አንድ ጊዜ የመድኃኔ ዓለም ጽዋ አላቸው። እቁባቸው ለ11 ዓመት አንድ ዙር ሳይዘለል ተጥሏል። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቡናውን ጠጥቻለሁ፤ ጽዋውን ቀምሻለሁ።

እኔ በ2009 ወደ ሂውስተን ሄድኩ። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ቺካጎ ውስጥ የያዝኩትን የሒሳብ ሥራ አሳጥቶኝ ነበርና፣ ሂውስተን ያለ አንድ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ቀጠረኝ። ከተማውን ወደድኩት ብል አልዋሸሁም። ሥራ አለ፣ ደመወዙ ይበቃል፣ ሰዉ ትሑት ነው፣ የሐበሻ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አለ። ግን ሂውስተንን በካርታ ያየ ሰው እንኳ የማይገባው ነገር አለ። በ2020 ቆጠራ ቺካጎ 2.7 ሚሊዮን፣ ሂውስተን 2.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው፤ ይቀራረባሉ። ቺካጎ ያን ሕዝብ ያስቀመጠችው 590 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መሬት ላይ ነው። የሂውስተን መሬት ከ1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። አውራ ጎዳናው ኬቲ ፍሪዌይ የዳር መንገዶቹ ሲቆጠሩ በአንዳንድ ቦታ ከ20 ረድፍ በላይ ነው። ይህ ስፋት ለእኔ ምን እንደሆነ ልናገር፦ ከሥራ ወጥቼ በማንም በር አላልፍም ነበር። ቺካጎ ሳለሁ ቤት ለመግባት ሦስት ሐበሻ በር አልፋለሁ፤ አንዱ ይከፈታል። ሂውስተን ውስጥ እራቴን የበላሁባቸው ብዙ ምሽቶች መኪና ማቆሚያ ላይ፣ መሪ ጨብጬ ነው።

ኑዛዜዬ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። «ብቸኝነት ገደለኝ፣ ወደ እኔ ነዪልኝ» ማለት ሲገባኝ፣ እኔ ቁጥር አመጣሁ።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። ገጹን መሀል ለመሀል በመስመር ከፍዬ በግራ ቺካጎ፣ በቀኝ ሂውስተን ብዬ ጽፌያለሁ። በግራ፦ የቤት ኪራይ በወር 1,150 ዶላር፤ የኢሊኖይ የገቢ ግብር በመቶ 5፤ በረዶ፤ የታክሲ ገበያ መውደቅ። በቀኝ፦ የራስ ቤት፣ አራት መኝታ ክፍል ከነጓሮው፣ በ215,000 ዶላር፤ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የለም፤ በረዶ የለም፤ ወንድም አለ። በየሳምንቱ ስደውል ከዚህ ደብተር እያነበብኩ ነበር። እኔ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ እትዬም ጋሼም ያምኑኛል። ጋሼ አንድ ቀን ብቻ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን» ብለው ነበር። እሳቸውንም በቁጥር ዝም አሰኘኋቸው። ተሳፋሪ በስልክ መተግበሪያ መኪና መጥራት ከጀመረ ወዲህ የታክሲ ኪራያቸውን ለመሸፈን ራሱ በቀን 12 ሰዓት ይሠሩ ስለነበር፣ ክርክሬን የሚመልሱበት አቅም አልነበራቸውም።

ከደብተሩ የቀረውን ግን አውቀው ነበር። ቴክሳስ የገቢ ግብር የማይሰበስበውን ያህል በቤት ግብር ይሰበስባል። በኋላ ቤት የገዙበት ሰፈር የትምህርት ቤቱ፣ የካውንቲውና የውኃና ፍሳሽ አገልግሎቱ ግብር ተደምሮ በዓመት ከ6,000 ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። እትዬና ጋሼ ኢሊኖይ ውስጥ ይከፍሉት የነበረው የገቢ ግብር ደግሞ የሁለቱ ተደምሮ ወደ 2,300 ዶላር ነው። ሁለት ማባዛትና አንድ መቀነስ ነው፤ የሙያዬ ሀ ሁ ነው። አልቀነስኩም። ሁለት መኪና፣ የሁለት መኪና ኢንሹራንስ፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ይህ ሁሉ በቀኙ ዓምድ ላይ መኖር ነበረበት። ሐይቁም በግራው ዓምድ ላይ የለም። ባቡሩም። ቡናውም። «ቁጥር ስለሌላቸው ነው» ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር፤ ቁጥር ያላቸውንም ዘልያለሁና ውሸት ነው።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2014 ሌሊቱ የገና ዋዜማ ነበር። ያን ቀን ቺካጎ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ገባች፤ የከተማው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እትዬ ነጠላዋን ከወፍራሙ ኮት ውስጥ ለብሳ ለማኅሌት ወጣች። ግራንቪል ጣቢያ ላይ ከማሞቂያ መብራቶቹ ሥር ቆማ ባቡር ጠበቀች። ባቡሩ ዘገየ። ጣቶቿ ሲደነዝዙባት ተመለሰች። በ18 ዓመት የአሜሪካ ኑሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የገናን ሌሊት ቤቷ አደረች። ደውላልኝ አለቀሰች። እኔም የጠበቅሁት ይህን ይመስል፣ «በቃ፣ ሰው የማይኖርበት አገር ነው፤ ወደዚህ ነዪ» አልኳት። ሂውስተንም ያን ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። እሱን አልነገርኳትም።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» አለችኝ። በማግሥቱ ግን ጋሼ ደውለው፣ «እስኪ ቤት ፈልግልን» አሉኝ።

ቤቱን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ከሂውስተን በስተምዕራብ፣ ፎርት ቤንድ ካውንቲ ውስጥ፣ ኬቲ በሚባለው አካባቢ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ፣ ትምህርት ቤቱ የተመሰገነ፣ ልጃቸውም ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ዳውን ፔይመንቱ 43,000 ዶላር የ18 ዓመት የሌሊት ጽዳትና የ11 ዓመት እቁብ ነው። የግዢው የመጨረሻ ፊርማ (ክሎዚንግ) ሊሆን 5 ቀን ሲቀረው ሰነዶቹ ተላኩ። ከመካከላቸው የሰፈሩ ካርታ ነበር፤ የቦታዎቹን ቁጥርና ስፋት የሚያሳይ አንድ ትልቅ ገጽ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ማስታወሻዎች ነበሩ። አንዱ፣ ሰፈሩ ለባርከር ግድብ አጎራባች መሆኑንና በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ላለ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆይ መጥለቅለቅ የተጋለጠ መሆኑን ይገልጻል።

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመሥሪያ ቤቴ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ልቤ ጥቂት እንደደነገጠ አስታውሳለሁ። ከዚያ ለራሴ፣ «ጎርፍ ቀጠና ቢሆን ባንኩ የጎርፍ ኢንሹራንስ ግዙ ይል ነበር፤ አላለም፤ ስለዚህ ለይስሙላ የተጻፈ ነው» አልኩ። ለጠበቃ አልደወልኩም። ለካውንቲው አልደወልኩም። ግድቡ ምን እንደሆነ እንኳ በስልኬ አልፈለግሁም። ብፈልግ ምን እንደማገኝ ፈርቼ ይመስለኛል። እትዬ «እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ «ንጹሕ ነው፤ ፈርሚ» አልኳት።

ባርከር ምን እንደሆነ ያን ቀን በ10 ደቂቃ ላውቅ እችል ነበር። ሂውስተን በ1929 እና በ1935 በጎርፍ ክፉኛ ከተመታች በኋላ፣ የፌዴራል መንግሥት ከከተማው በስተምዕራብ፣ ያኔ የሩዝ እርሻና የከብት ግጦሽ በነበረው ሜዳ ላይ ሁለት ግድቦች ሠራ። ባርከር በ1945፣ አዲክስ በ1948 ተጠናቀቁ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሚይዙ አይደሉም፤ ደረቅ ናቸው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ በራቸው ይዘጋና፣ ባፈሎ ባዩ በሚባለው ወንዝ ዳር ያለውን ከተማ ለማትረፍ ውኃው ከግድቡ ኋላ ይጠራቀማል። መንግሥት ግን ግድቡ ሲሞላ ውኃው የሚደርስበትን መሬት በሙሉ አልገዛም። የቀረው መሬት የግል ሆኖ ኖረ፤ ከተማው ወደ ምዕራብ ሲሰፋ ቤት ተሠራበት። የእትዬ ቤት ከግድቡ አጠገብ አልነበረም። ግድቡ ሲሞላ፣ ቤቷ ግድቡ ውስጥ ነው።

ጁን 2014 መጡ። የቤቱ በረከት ቀን ድፎ ደፋች፤ ቄስ መጥተው ጠበል ረጩ፤ እኔ ከሁሉ በላይ ተደሰትኩ። ከዚያ ኑሮ ተጀመረ። ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ የለም። ጋሼ ቤንዚን ማደያ ካሸር ሆነው ቀን ይሠራሉ፤ እሷ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ገባች። መንዳት በ53 ዓመቷ ጀመረች። ፈተናውን በሦስተኛው አለፈች፤ ፍሪዌይ ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣችም። ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እኔ ወይም ጋሼ ስንደርስላት ነበር። ብዙ እሑድ አልደረስኩም። ወደ እኔ ያመጣኋት እህቴን በወር ሁለቴ አይ ነበር፤ ቺካጎ ሳለች በየቀኑ በስልክ የምናወራውን ያህል እንኳ አናወራም ነበር። «ቅርብ ናት» ብዬ ተዘናጋሁ።

ከቤቷ አጠገብ ጆርጅ ቡሽ ፓርክ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። ሐይቋን ያጣች እህቴ እዚያ መሄድ ለመደች። አንድ ቀን አብረን ሄደን፣ በሩቅ ሣር የለበሰ ረጅም የአፈር ጉብታ አይታ፣ «ያ ምንድን ነው? እንደ ካብ ያለው?» አለችኝ። ግድቡ ነው። መናፈሻው ራሱ የግድቡ ሆድ ነው። እኔ «የመንገድ ሥራ ይሆናል» አልኳት። ያን ጊዜ እንኳ ብነግራት በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ከፍላ የጎርፍ ኢንሹራንስ ትገዛ ነበር። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለእሱ ለብቻው መግባት ያስፈልጋል። ዕድሉ 3 ዓመት ሙሉ በእጄ ነበር። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ፊርማው እንኳ ካለፈ በኋላ ማዳን እችል ነበር።

ኦገስት 25 ቀን 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። ፍልሰታን ከፈታን ገና 3 ቀናችን ነበር። ነፋሱ ሂውስተንን አልመታም፤ ዝናቡ ግን መጥቶ ተቀመጠ። በአራት ቀን ውስጥ በብዙ ቦታ ወደ 1 ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወረደ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ አፓርታማዬ ውስጥ፣ መንገዱ ሁሉ ወንዝ ሆኖብኝ፣ ስልክ ይዤ ተቀምጬ ነበር። እሑድ ዕለት እትዬ፣ «ጓሮው ረጠበ እንጂ ደህና ነን» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያቺ ደቃቅ መስመር ሙሉ በሙሉ የታወሰችኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ካርታውን አየሁ። «ውጡ» ልላት ስልኩን አነሣሁ። «ለምን?» ብትለኝ መልሱ ወረቀቱ ነው። «እስኪ እቃ ወደ ላይ አንሡ» ብቻ አልኳት። ውጡ አላልኩም።

ሰኞ ማታ ውኃ በበሩ ሥር ገባ። ማክሰኞ የማያውቋቸው ሰዎች በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መጥተው ሦስቱንም አወጧቸው። ረቡዕ ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ውኃው ግን መጨመሩን አልተወም። እትዬ ያረፈችበት መጠለያ በር ላይ ሆና ሰማዩን እያየች፣ «ሳይዘንብ ከየት ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከየት እንደሚመጣ አውቄ ነበር። «እኔ እንጃ» አልኳት።

ውኃው ከሳምንት በላይ ቤቱ ውስጥ ቆየ። ስንገባ ሽታው ከመንገድ ይቀበላል። የግድግዳውን የጂፕሰም ልባስ (ሺትሮክ) እስከ ደረታችን ድረስ ቆርጠን አወጣን። እናታችን ከባሕር ዳር የላከችላት መሶብ አብጦ ተከፍቶ ነበር። የጋብቻቸው ፎቶግራፍ አልበም ገጾቹ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ እትዬ ልትለያቸው ሞክራ የእናታችን ፊት ከወረቀቱ ጋር ተላጠ። አላለቀሰችም። ከጓሮ ሽቦ ላይ ልታደርቀው ሰቀለችው። ለአደጋ ጊዜ የሚሰጠው የፌዴራል እርዳታ በዚያ ዓመት ቢበዛ 33,300 ዶላር ነበር፤ እነሱ ያገኙት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ኢንሹራንስ የለም። ሞርጌጁ ግን በየወሩ ይጠብቃል።

አሁን ለዓመታት ለማንም ሳልናገረው የኖርኩት፣ ከመጀመሪያውም የከፋው ጥፋቴ ይመጣል።

በዚያው መኸር የሰፈሩ ሰዎች ጠበቃ እየያዙ መንግሥትን መክሰስ ጀመሩ። እትዬ ቅጽ ይዛ መጣች፤ እንደ ልማዷ «አንተ እየው» አለችኝ። ጠበቆቹ የግዢ ሰነዶችን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ሲገዙ ስለ ግድቡ ያውቁ እንደነበርም ይጠይቃሉ የሚል ሰምቻለሁ። ሰነዱ ያለው እኔ ኢሜል ውስጥ ነው። ሰነዱ ከተከፈተ መስመሩ ይነበባል፤ መስመሩ ከተነበበ ማን አይቶት እንደነበር ይጠየቃል። ስለዚህ፣ «መንግሥትን ከስሶ ያሸነፈ የለም፤ የጠበቃ ቀለብ ነው የምትሆኚው» አልኳት። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደግማ አላነሣችውም።

ዲሴምበር 2019 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ለናሙና በተያዙ 13 ቤቶች ጉዳይ መንግሥት ከግድቦቹ ኋላ ቤታቸው ለተጥለቀለቀባቸው ባለቤቶች ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ። ዜናውን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፤ ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በር ዘጋሁ። ያኔም ጊዜ ነበራት። እንዲህ ያለ ክስ ለመመሥረት ሕጉ 6 ዓመት ይሰጣል። 2020፣ 2021፣ 2022 አለፉ፤ በየዓመቱ ኦገስት ሲመጣ ቀኑን እቆጥር ነበር። ኦገስት 2023 ላይ ዓመቱ ሞላ። አልነገርኳትም። የራሴን ስም ለማትረፍ የእህቴን መብት አቃጠልኩ፤ ሌላ ስም ላገኝለት አልችልም።

እነሱ በ2018 ጸደይ ላይ ግድግዳው እንደተላጠ ቤቱን በ163,000 ዶላር ሸጡ። የባንኩ ተከፍሎ በእጃቸው የቀረው 3,000 ዶላር አይሞላም። 43,000 ዶላር ይዘው መጥተው ነበር። ወደ ቺካጎ ተመለሱ። የድሮው ሕንፃ ኪራይ ጨምሮ ነበርና ከእሱ በስተሰሜን ጠበብ ያለ ቤት አገኙ፤ ባቡሩ ያው ቀዩ መስመር ነው። እቁብተኞቹ ካለ ተራዋ የመጀመሪያውን ዕጣ ሰጧት። ይህንንም በደብተሬ ግራ ዓምድ ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በረዶ ገባ፤ ሂውስተን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደረሰች፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት መብራት ጠፋበት፤ ክፍለ ግዛቱ በኋላ 246 ሰው መሞቱን አስታወቀ። እኔ ሁለት ሌሊት ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ በጨለማ ተቀምጫለሁ። እትዬ በየሦስት ሰዓቱ ከቺካጎ ትደውልልኝ ነበር። «የቧንቧውን ውኃ ጠብ ጠብ እንዲል ተወው፣ እንዳይፈነዳ። መኪና ውስጥ እሞቃለሁ ብለህ ጋራዥ ዘግተህ ሞተር እንዳታስነሣ፤ ጭሱ ይገድልሃል። ካልሲ ደርብ።» አንድም ጊዜ «በረዶ የለም ብለኸኝ አልነበር?» አላለችኝም። የስልኬ ባትሪ እንዳያልቅ ቶሎ ትዘጋዋለች፤ እኔ ግን እንድትወቅሰኝ እመኝ ነበር።

ኦክቶበር 2024 ቺካጎ ሄድኩ። ካርታውን በትልቁ አሳትሜ፣ መስመሯን በቀይ አስምሬባት ነበር። ጋሼ ከቤት ወጥተው ነበር። እትዬ ለሌሊት ሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሻይ ቀድታልኝ ተቀመጠች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና መስመሯን በአማርኛ አነበብኩላት፤ ከ10 ዓመት በፊት ላነብላት ይገባ እንደነበረው። ከዚያ የክሱን ነገር ነገርኳት። ለምን ወደ ሂውስተን እንደጠራኋትም ነገርኳት፤ ብቻዬን መሆኔ ከብዶኝ እንደነበረ።

ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየች። ጣቷን ቀዩ ላይ አድርጋ፣ «መቼ ነው ያየኸው?» አለችኝ።

«ከመፈረምሽ 5 ቀን በፊት።»

«ብቸኝነቱን ብትነግረኝ መምጣቴ አይቀርም ነበር» አለች። «ቤት ሳልገዛ እመጣ ነበር።» ኮቷን ለበሰች። «ባቡሩ ያመልጠኛል» ብላ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ወደ ጣቢያው ስትሄድ ወደ ኋላ አልዞረችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼው መጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለችልኝም። እኔ በየወሩ ከደመወዜ 600 ዶላር እልክላታለሁ፤ 40,000 እስኪሞላ እቀጥላለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ጋሼ ያነሣሉ።